ኮምፒውተርን በኔትወርክ ቡት ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ ለምትይዙ፣ ሃርድ ዲስካቸው የወጣ ኮምፒውተሮች ለተረከባችሁ፣ ሠላሳ ማሽን አንድ በአንድ ፎርማት ማድረግ ለሰለቻችሁ።

በኔትወርክ ቡት ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው?

ኮምፒውተር ሲበራ ሲስተሙን (ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን) የሚያነሳው፣ ማለትም ቡት የሚያደርገው፣ ብዙ ጊዜ ከራሱ ሃርድ ዲስክ ነው። በኔትወርክ ቡት ሲደረግ ግን ሲስተሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰርቨር ውስጥ። ላቡ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ሲበሩ በኬብል ሰርቨሩን ጠይቀው ሲስተሙን ከዚያ ያመጣሉ። የራሳቸው ዲስክ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

ሰው መጀመሪያ የሚያየው የዲስክ ወጪ መቅረቱን ነው። እኔን ያሸነፈኝ ግን ሌላው ነው። ሠላሳ ጊዜ የምትሠሩትን አንዴ ትሠራላችሁ። የአማርኛ ኪቦርድና አቢሲኒካ ፎንት ሰርቨሩ ላይ አንዴ ከገባ፣ በማግስቱ ላቡ በሙሉ አማርኛ ይጽፋል። አንዱ ተማሪ ሲስተሙን ቢያመሰቃቅለው ደግሞ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል።

ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር መጀመሪያ ነገር እንዴት ይነሳል?

የኔትወርክ ካርዱ ላይ ወይም ማዘርቦርዱ ውስጥ ፒክሲ (PXE) የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ደንቧን ያወጣው ኢንቴል ነው። እስካሁን የምንሠራበት 2.1 የተባለው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማሽኑ ሲበራ ፒክሲ ኔትወርኩ ላይ ትጮሃለች፦ «አድራሻዬ ስንት ነው? ሲስተምስ ከማን ልውሰድ?» የሚመልስላት ዲኤችሲፒ የሚባለው አድራሻ አዳይ አገልግሎት ነው። አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የምትታወቅበትን ቁጥር) ይሰጣትና «እዚያ ሰርቨር ጋ ሂጂ፣ ይህን ፋይል ውሰጂ» ይላታል።

ፋይሉን የምታመጣው ቲኤፍቲፒ በሚባል በጣም ቀላል መንገድ ነው። የይለፍ ቃል የለው፣ ምን የለው። የመጣው ፋይል ቡትሎደር፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስጀምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቡትሎደሩ የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን ያመጣል፣ ከርነሉ ይነሳል፣ ከዚያ የቀረውን ሲስተም ሰርቨሩ ላይ እንዳለ በኔትወርክ ይከፍተዋል። ጥቂት ቆይቶ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ይመጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዲኤችሲፒ አባት የሆነው ቡትፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ያኔ ሃርድ ዲስክ ራሱ የቅንጦት ዕቃ ነበር።

ኢንተርኔት ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ይህን ደጋግሜ ስለምጠየቅ ደግሜ ልበለው፦ አያስፈልግም። ኔትወርክ ሲባል እዚህ ላይ ሰርቨሩን፣ ስዊቹን (ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሳጥን) እና ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው የክፍሉ ኬብል ማለት ነው። ኢንተርኔት የምትፈልጉት ሰርቨሩን መጀመሪያ ስትጭኑና አልፎ አልፎ ስታድሱት ብቻ ነው። ሰርቨሩን ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ወስዶ ጭኖ መመለስም ይቻላል።

እንዲያውም ኢንተርኔት የሌለው ላብ በዚህ አሠራር ይበልጥ ይጠቀማል። ኪዊክስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ አድርጋችሁ ውክፔዲያን በፋይል ካስቀመጣችሁ፣ ተማሪዎቹ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያነቡታል።

ቲን ክላየንት ከሚባለው በምን ይለያል?

በቲን ክላየንት ሥራውን በሙሉ የሚሠራው ሰርቨሩ ነው። ተማሪው ፊት ያለው ማሽን ስክሪን፣ ማውስና ኪቦርድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሠላሳ ልጅ ብሮውዘር ሲከፍት ሠላሳውም የሚከፈተው ሰርቨሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ጉልበታም መሆን አለበት፣ ቪዲዮ ሲመጣ ደግሞ መከራ ነው።

እዚህ የማወራው ሌላውን፣ ፋት ክላየንት የሚሉትን ነው። ሲስተሙ ከሰርቨሩ ይመጣል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን የማሽኑ የራሱ ሲፒዩና ራም ነው። ያላችሁ ማሽን እንደ ነገሩ የሚሠራ ከሆነ ይህኛው ይሻላል።

ኮምፒውተሮቻችን አሮጌ ናቸው። ይሆናሉ?

ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሲፒዩው 64 ቢት ይሁን። ከኮር 2 ዱዎ ወዲህ ያሉት ናቸው። ሁለተኛ፣ ራም። ዲስክ ስለሌለ ሁሉም ነገር የሚያርፈው ራም ላይ ነው። 2 ጊጋባይት ጽሑፍ ለመጻፍ ይበቃል፣ ብሮውዘር ከተከፈተ ግን ያንቃል። 4 ካገኛችሁ ተገላገላችሁ። ከተበላሹት ማሽኖች ራም እየፈታችሁ ደህነኞቹ ላይ ጨምሩ። እኔ ሁለት አሮጌ ማሽን አንድ ደህና ማሽን ሲወጣው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ማንም የማያስበው ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች። አሮጌ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ሞታለች። እሷ ከሞተች ሶኬት በተነቀለ ቁጥር ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ያስተካከላችሁትን ሁሉ ይረሳል። «መጀመሪያ ከኔትወርክ ተነሳ» ያላችሁትንም ይረሳል። ሰዓቱም ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይሄዳል። ሰዓቱ ከተሳሳተ ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን «አላምናቸውም» ብሎ አልከፍትም ይላል፣ እናንተ ደግሞ ኢንተርኔቱን ትወቅሳላችሁ። ለሁሉም ባትሪ ግዙ። ርካሽ ናት።

ሰርቨር የሚባል ልዩ ማሽን መግዛት አለብን?

የለባችሁም። ያላችሁን ደህና ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጉት። 8 ጊጋባይት ራም፣ አንድ ኤስኤስዲ፣ ጊጋቢት የኔትወርክ ካርድ። በቃ። የሲስተሙ ኢሜጅ፣ ማለትም አንድ ፋይል ሆኖ የተጨመቀው ሲስተም፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ጊጋባይት ነው። የመጀመሪያው ማሽን ሲያነበው ሰርቨሩ ራሙ ላይ ይይዘዋል፣ ለቀሩት ሃያ ዘጠኙ ከራም ያድላል። ዲስኩ ብዙም አይደክምም።

ገንዘብ ካላችሁ ስዊቹ ላይ አውሉት። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

አንድ ሰርቨር ስንት ኮምፒውተር ይችላል?

ጥያቄው መሆን ያለበት «ኬብሉ ስንት ይችላል?» ነው። ቁጭ ብለን እናስላው። አንድ ማሽን ተነስቶ የመግቢያ ገጹ ጋ እስኪደርስ 300 ሜጋባይት ያህል ያመጣል እንበል። ሠላሳ ማሽን ሲበራ 9,000 ሜጋባይት ነው። ሁሉም የሚያልፈው ከሰርቨሩ ወደ ስዊቹ በሚሄደው አንድ ኬብል ነው። ያ ኬብል ጊጋቢት ከሆነ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፣ ሥራው በደቂቃ ተኩል ያልቃል። 100 ሜጋቢት ከሆነ ግን በሰከንድ 11 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲሶው ሄደ ማለት ነው።

የተማሪዎቹ ማሽኖች እያንዳንዳቸው በ100 ቢገናኙ ግድ የለም። የሰርቨሩ መስመር ግን የግድ ጊጋቢት መሆን አለበት። ስዊች ስትገዙ ካርቶኑ ላይ «ጊጋቢት» የሚለው ለሁሉም ፖርት መሆኑን አረጋግጡ። ርካሾቹ አንዳንዴ ሁለት ፖርት ብቻ ጊጋቢት አድርገው ስሙን ትልቅ አድርገው ይጽፉታል። እሱም ቢሆን ሰርቨሩን ከሁለቱ አንዱ ላይ ከሰካችሁት ይሠራል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አንድ ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስነካካ ከረምኩ። ማሽኖቹ ይነሳሉ፣ ግን ይንቀራፈፋሉ። ራም ጨመርኩ፣ ሲስተሙን እንደገና ጫንኩ፣ ኤስኤስዲ ቀየርኩ። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው የሰርቨሩ ኬብል ጫፍ ላይ ነው። የኬብሉ ስምንት ሽቦዎች በሙሉ ካልተገናኙ ጊጋቢት አይሠራም። 100 ሜጋቢት ግን አራቱ ብቻ ይበቁታል። አንዷ ሽቦ ጫፉ ውስጥ በደንብ ስላልተገጠመች መስመሩ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ወርዶ ነበር። ያንን ጫፍ የገጠምኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ወጡ ሳይወጠወጥ ወስከምባዩ ቁጢጥ ይሏችኋል ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ሰርቨሩ ላይ የተጻፈውን የመስመር ፍጥነት ነው፦ 1000 ወይስ 100?

ላቡ ከሠላሳ በላይ ከሆነ ወይም ሁሉም ልጅ እኩል ቪዲዮ የሚከፍት ከሆነ፣ ሰርቨሩ ላይ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ አድርጉና ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት።

በዋይፋይ ይሆናል?

አይሆንም። ፒክሲ የተሠራችው ለኬብል ነው። ማሽኑ ገና ሲበራ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል የሚያውቅለት የለም። በፍላሽ አስነስቶ በዋይፋይ ለማስቀጠል የሚታገሉ ሰዎች አሉ። ሃያ ልጅ አንድ አየር ላይ ሲሻማ ውጤቱን መገመት አያቅትም።

በምን ሶፍትዌር ልጀምር?

ለትምህርት ቤት ላብ ኤልቲኤስፒን እመክራለሁ። ነጻ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ በ2019 ደግሞ ከመሠረቱ እንደ አዲስ ተጽፏል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መመሪያ ከ2019 በፊት የተጻፈ ከሆነ ዝለሉት። ትእዛዞቹ ሌላ ናቸው፣ ግራ ይገባችኋል።

የአዲሱ ውበት ይህ ነው። ሰርቨሩ ላይ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ትጭናላችሁ። ተማሪዎቹ የሚፈልጉትን ሁሉ፣ ሊብሬኦፊሱን፣ ብሮውዘሩን፣ የአማርኛ ኪቦርዱን እዚያው ታስገባላችሁ። ከዚያ ኤልቲኤስፒ ሰርቨሩን ራሱን ፎቶ እንደማንሳት ጨምቆ ኢሜጅ ያደርገዋል። ተማሪዎቹ ማሽን ላይ የሚነሳው ያ ነው። ሰርቨሩ ላይ የሚያምር ነገር ካለ ላቡም ላይ አለ።

ከእሱ ጋር ኤፖፕቲስ የሚባለውን አብራችሁ ጫኑ። መምህሩ የሠላሳውንም ስክሪን በትንንሹ ከአንድ ቦታ ያያል፣ የራሱን ስክሪን ለሁሉም ያሳያል፣ ደወል ሲደወል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጠፋል። መምህራን ሰርቨሩን የሚወዱት በዚህ የተነሳ ነው። ስለ ቡቱ ማንም ግድ የለውም።

ተማሪው የሠራው ፋይል ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋል?

ኢሜጁ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። ተማሪው ሲስተሙ ላይ የሚቀይረው ሁሉ የሚቀመጠው ራም ላይ ነው፣ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህ ሆን ተብሎ ነው። የተማሪው የራሱ ፎልደር ግን ሌላ ነገር ነው። ኤልቲኤስፒ ተማሪው በስሙ ሲገባ ፎልደሩን ከሰርቨሩ ያመጣለታል፣ የሚያስቀምጠውም እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ዛሬ መስኮቱ ጋ፣ ነገ በሩ ጋ ቢቀመጥ ፋይሉ ይከተለዋል።

መዘዙ ምን መሰላችሁ? የሁሉም ልጅ ሥራ አንድ ዲስክ ላይ ነው። ያ ዲስክ ከሞተ የሴሚስተሩ ፕሮጀክት በሙሉ አለቀ። በሳምንት አንዴ የተማሪዎቹን ፎልደሮች ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ዲስኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ሰርቨሩ አጠገብ ከተቀመጠ ሌባ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

ዊንዶውስስ?

ይቻላል፣ ግን እንደ ሊኑክሱ ደስ አይልም። ዊንዶውስ ዲስክ እንዳለው ሆኖ እንዲኖር የተሠራ ነው። ዲስኩ በኔትወርክ በኩል እንዲታየው አይስከዚ በሚባል መንገድ ማስነሳት ይሆናል። የጌም ቤቶችና ኢንተርኔት ካፌዎች ለዚሁ የተሠሩ የሚሸጡ ፕሮግራሞችን ይጠቀማሉ። የእያንዳንዱ ማሽን ፈቃድ ጉዳይም አለ።

ማሽኖቹ ሃርድ ዲስክ ካላቸውና ዊንዶውስ የግድ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ኔትወርኩን ለዕለት ተዕለት መነሻ ሳይሆን ለመጫኛ ተጠቀሙበት። አንዱን ማሽን አሳምራችሁ ትጭናላችሁ፣ ከዚያ በክሎንዚላ ወይም በፎግ ግልባጩን በኔትወርክ ለሁሉም ትበትናላችሁ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ክሎንዚላ አንዱን ግልባጭ ለሠላሳው እኩል መላክ ስለሚችል ሠላሳ ማሽን ለመጫን የሚፈጀው ጊዜ ከአንዱ ብዙም አይርቅም። የማይክሮሶፍት የራሱ መሣሪያ ዊንዶውስ 11ን ከመጫኛ ዲስኩ በቀጥታ በኔትወርክ መጫንን መደገፍ ስላቆመ፣ በድሮው መመሪያ የምትሞክሩ ሰዎች ጊዜያችሁን አታባክኑ።

መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል?

የተማሪዎቹ ማሽኖች ይጠፋሉ፣ ያላስቀመጡት ሥራ ይጠፋል። ነገር ግን ሲስተማቸው አይበላሽም፣ የሚበላሽ ሲስተም የላቸውማ። መብራት ከሚመላለስበት ቦታ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዲስክ ባላቸው ላቦች ከእያንዳንዱ መጥፋት በኋላ ሁለት ሦስት ማሽን አልነሳም ይላል።

ዩፒኤስ ለሰርቨሩ ግዙ። አንድ ይበቃል። ስዊቹንም እዚያው ሰኩት፣ ሰው ይህን ይረሳል። መብራት ሲመለስ የሚሆነው ደግሞ ይህ ነው፦ የተማሪዎቹ ማሽኖች ወዲያው ይበሩና ሰርቨሩን ይጣራሉ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ከነበረ ገና እየተነሳ ነው። ማሽኖቹ ትንሽ ጠብቀው ተስፋ ይቆርጡና ስክሪኑ ላይ ስህተት ጽፈው ይቆማሉ። የተበላሸ ነገር የለም። መጀመሪያ ሰርቨሩን አስነሱ፣ ከዚያ ማሽኖቹን እንደገና አብሩ።

ሰርቨሩ ራሱ ከሞተስ? ላቡ ቆመ። የዚህ አሠራር ትልቁ ድክመት ይህ ነው፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። መድኃኒቱ ሰርቨሩ ተራ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ዲስኩን በክሎንዚላ ገልብጣችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። የሞተ ቀን ሌላ ማሽን ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ከረፋዱ በፊት ላቡ ይሠራል።

ራውተራችን ቀድሞ አይፒ ያድላል። ከሰርቨሩ ጋር አይጋጭም?

ሁለቱም አይፒ ካደሉ ይጋጫል። አንድ ታክሲ ላይ ሁለት ረዳት ቆሞ አንዱ «መገናኛ!» አንዱ «ሳሪስ!» እንደሚለው ነው። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሰማውን ይከተላል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ተነስቶ አንዳንዴ እምቢ የሚለው።

ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው ፕሮክሲ ዲኤችሲፒ ይባላል። አይፒ ማደሉን ለራውተሩ ትተዋላችሁ፣ ሰርቨሩ «ሲስተም እኔ ጋ ነው» የሚለውን ብቻ ይጨምራል። ከኤልቲኤስፒ ጋር የሚሠራው ዲኤንኤስማስክ የሚባል ፕሮግራም ይህን ያውቃል፣ ራውተሩን መንካት አያስፈልግም። ሁለተኛው ሰርቨሩ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ማድረግ ነው። አንዱ ወደ ራውተሩ፣ ሌላው ወደ ላቡ ስዊች። የላቡ ኔትወርክ ለብቻው ይሆናል፣ አይፒ የሚያድለውም ሰርቨሩ ብቻ ነው። ኤልቲኤስፒ ለዚህ የሚጠብቀው የላብ በኩል አድራሻ 192.168.67.1 ነው፣ እሱን ብትሰጡት ነገሩ ይቀልላችኋል።

ለሙከራ የመጀመሪያው ጥሩ ነው። ለቋሚ ላብ ሁለተኛውን አድርጉ። የቢሮ ሰው ራውተር ቢቀይር እንኳ ላባችሁ አይነካም።

ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ፒክሲ ስትቸገር ከስሟ ቀጥሎ አንድ ፊደልና ቁጥር ትጽፋለች። ፎቶ አንሱት፣ ጊዜያችሁን ይቆጥባል። ኢ61 (PXE-E61) ካለች ኬብሉ ነው። አልተሰካም ወይም ተበላሽቷል። ኢ51 ካለች ጮሃ የመለሰላት የለም። ዲኤችሲፒው ቆሟል ወይም ማሽኑ ሌላ ኔትወርክ ላይ ነው። ኢ53 ካለች አይፒ አግኝታለች፣ የትኛውን ፋይል እንደምትወስድ ግን የነገራት የለም። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ብቻ ሲመልስላት የሚሆን ነው። ኢ32 ካለች የፋይሉን ስም ሰምታ ሰርቨሩን ስታንኳኳ አልተከፈተላትም። ቲኤፍቲፒው ቆሟል፣ ወይም ፋየርዎሉ 69 ቁጥር ፖርትን ዘግቶታል።

ከርነሉን እያመጣ እዚያው ላይ ለምን ይቆያል?

ቲኤፍቲፒ ስለሆነ። ይህ መንገድ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንደ ድሮው ከሠራ ፋይሉን 512 ባይት፣ 512 ባይት እየቆረጠ ይልካል። ለእያንዳንዷ ቁራሽ «ደረሰኝ» እስኪባል ይጠብቃል። መቶ ሜጋባይት ፋይል ሁለት መቶ ሺህ ምልልስ ነው። ውሃ በብርጭቆ እየቀዱ በርሜል እንደመሙላት ማለት ነው።

አይፒክሲ የሚባለው ነጻ ቡትሎደር ለዚህ መልስ ነው። እሱ ራሱ ትንሽ ስለሆነ በቲኤፍቲፒ ይመጣል፣ ትልልቆቹን ፋይሎች ግን ድረ ገጽ በሚመጣበት መንገድ፣ በኤችቲቲፒ ማምጣት ይችላል። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ኤልቲኤስፒም የሚጠቀመው አይፒክሲን ነው።

ስዊች ከቀየርን በኋላ ማሽኖቹ መነሳት አቆሙ። ለምን?

አዲሱ ስዊች «ብልህ» ከሚባሉት ከሆነ ጥፋቱ ምናልባት ስፓኒንግ ትሪ ነው። እንዲህ ያለ ስዊች አንድ ማሽን ሲሰካበት ወይም ሲበራ፣ ኔትወርኩ ላይ ዙሪያ መስመር እንዳይፈጠር ሲያጣራ መስመሩን ለ30 ሰከንድ ያህል ይዘጋዋል። ፒክሲ በዚያ መሃል ጮሃ፣ መልስ አጥታ ኢ51 ጽፋ ትቆማለች። ሲስተሙ ከዲስክ ቢነሳ ኖሮ ሠላሳ ሰከንዱን ማንም አያስተውለውም ነበር።

ለማረጋገጥ ማሽኑና ስዊቹ መሃል አንድ ርካሽ ተራ ስዊች አስገቡ። ከተነሳ ጠርጥራችሁት የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ዋናው ስዊች ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የተማሪዎቹን ፖርቶች ፖርትፋስት (ሳይጠብቅ ወዲያው የሚከፈት) አድርጓቸው።

አዲሶቹ ማሽኖች እምቢ አሉ፣ አሮጌዎቹ ግን ይነሳሉ። ምንድን ነው?

አዲሶቹ የባዮስ ተተኪ በሆነው በዩኢኤፍአይ ነው የሚነሱት፣ አሮጌዎቹ በባዮስ። ሁለቱ የሚፈልጉት ቡትሎደር የተለያየ ነው። ማሽኑ ሲጮህ «እኔ እንዲህ ያለ ነኝ» የሚል ቁጥር አብሮ ይልካል። ባዮስ 0 ይላል፣ 64 ቢት ዩኢኤፍአይ ብዙ ጊዜ 7 ይላል። ዲኤችሲፒው ይህን አይቶ የየራሳቸውን ፋይል ካልሰጠ አዲሶቹ የባዮስ ፋይል ይደርሳቸውና ይተፉታል። በኤልቲኤስፒ ይህ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። በእጃችሁ የሠራችሁት ከሆነ ግን እዚህ ላይ ፈልጉ።

ሁለተኛው መሰናክል ሴክዩር ቡት ነው። ያልተፈረመ ቡትሎደር አያስነሳም፣ በራሳችሁ የሠራችሁት አይፒክሲ ደግሞ ያልተፈረመ ነው። ላብ ውስጥ ሴክዩር ቡትን ማጥፋት ቀላሉ መንገድ ነው። ማጥፋት ካልተፈቀደላችሁ ከኡቡንቱና ከዴቢያን ጋር ተፈርመው የሚመጡትን ሺምና ግረብ የተባሉ ቡትሎደሮች ተጠቀሙ። ሦስተኛው፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ «ኔትወርክ ስታክ» የሚለው ሴቲንግ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አብሩት። የኬብል ቀዳዳ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ አለ፣ ግን ሁሉም ማሽን ሁሉንም አያውቀውም። አንድ ገዝታችሁ ሳትሞክሩ አሥር አትግዙ።

ማንም ሰው ኬብል ሰክቶ ሲስተሙን መውሰድ አይችልም?

ይችላል። ቲኤፍቲፒ «ማነህ?» አይልም። ኢሜጁም ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። ስለዚህ ኢሜጁ ውስጥ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል፣ የዋይፋይ ቁልፍ፣ የፈተና ወረቀት አይኑር። ሰርቨሩን የፈተና ማስቀመጫ አድርገው ከእሱ ኢሜጅ የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ልጆቹ እስኪያገኙት ብዙ አልቆየም።

የባሰው ሌላው ነው። አንድ ሰው የቤቱን ራውተር አምጥቶ ላቡ ስዊች ላይ ቢሰካ ወይም ላፕቶፑ ላይ የራሱን ዲኤችሲፒ ቢከፍት፣ የእናንተን ማሽኖች ሊያሳስታቸው፣ እንዲያውም የራሱን ሲስተም ሊያስነሳቸው ይችላል። ስዊቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፉት። የላቡን ኔትወርክ ከቢሮው ለዩት። ስዊቹ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ካለው ከሰርቨሩ ፖርት በስተቀር ማንም አይፒ እንዳያድል አድርጉ።

ተማሪዎች እየሠሩ ኢሜጁን ማደስ እችላለሁ?

አንዴ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ኤልቲኤስፒ አዲስ ኢሜጅ ሲሠራ የድሮውን ስሙን ቀይሮ ያስቀምጠዋል። የበሩት ማሽኖች ያንኑ የድሮውን ፋይል ይዘው ይቀጥላሉ፣ አዲሱን የሚያገኙት ሲጠፉና ሲበሩ ነው። አንድ ነገር ረስታችሁ በዚያው ቀን ሁለተኛ ጊዜ ከሠራችሁት ግን የመጀመሪያው ፋይል ከሥራቸው ይጠፋል። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ይደርቃሉ፣ ማውሱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አዲስ ተማሪ ስትመዘግቡ ኢሜጁን መሥራት አያስፈልግም፣ «ltsp initrd» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ይበቃል። ይህን ረስታችሁ «አዲሱ ልጅ መግባት አቃተው» ስትሉ ትገኛላችሁ።

እኔ ኢሜጅ የምሠራው ዓርብ ከሰዓት ላቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከዚያ አንድ ማሽን ብቻ አስነስቼ አማርኛ እጽፋለሁ፣ ብሮውዘር እከፍታለሁ፣ በተማሪ ስም ገብቼ ፋይል አስቀምጣለሁ። እምቢ ካለ አዲሱን ወደ ጎን አድርጌ ለድሮው ስሙን እመልስለታለሁ።